የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ኮፒ ቤት፦ ሥራው ሸጋ፣ ቀጠሮው ጉድ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፍርድ ቤት ጉዳይ ገጥሞት የማያውቅ ሰው ካለ ታድሎ። እኛ ለምንመላለሰው ይህ ኮፒ ቤት ሁለተኛ ቤታችን ነው። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ወቀሳዬም ረዘም ይላል። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጃንጥላ ዘርግተው ከተቀመጡበት አለፍ ስትሉ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታገኛላችሁ። በሩ ላይ «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጥራዝ፣ ጉርድ ፎቶ» ተብሎ ተጽፏል። የፎቶው ካሜራ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ጽሑፉን ግን የነካው የለም።

ጠበቃ ነኝ። ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ የመሬት ድንበር፤ የጎጃም ሰው የሚሟገትበትን ሁሉ ይዤ እቆማለሁ። በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን እዚህ ቤት እገባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬ ቀላል ነው። ክስ በሦስት ኮፒ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ ውክልና። ለዚህ ለዚህ ይህን ቤት የሚያህል የለም። ኮፒ በገጽ 4 ብር፣ ፕሪንት 6 ብር። የምትሠራው ልጅ እጇ ፈጣን ነው። የተጨማደደ የመሬት ደብተር ብትሰጧት አስተካክላ፣ ጥቁሩን ጠርዝ አጥፍታ፣ ማኅተሙ እንዲነበብ አድርጋ ታወጣዋለች። ማኅተሙ የማይነበብ ኮፒ ይዞ ችሎት ፊት መቆም ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

ያሁኑ ሥራዬ ትንሽ ለየት ያለ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሕገ መንግሥት ሕግ እየተማርኩ ነው። ለሴሚናር መምህራችን ርእስ በዕጣ አደሉን። ዕጣዬን ስፈታው «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ መብትን በማስጠበቅ ረገድ የፍርድ ቤቶች ሚና» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ «ይቀየርልኝ» አልኩ። መምህራችንም «ጠበቃ ደንበኛ ይመርጣል፤ ተማሪ ርእስ አይመርጥም» አሉኝ። አለቀ።

እኛ አገር ነገሩ የታወቀ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ራሱን ያስቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የጋብቻን መብት የሚሰጠው ለ«ወንዶችና ሴቶች» ነው። ደግሞም እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ 11 አባላት ባሉት አጣሪ ጉባኤ እየታገዘ። በ1996 ዓ.ም. አንዲት ሴት «ያለ ፈቃዴ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኘሁ» ብላ የውርስ ጉዳይዋን ያደረሰችው እዚያው ምክር ቤት ድረስ ነበር። ተፈረደላትም። ስለዚህ እኔ የምጽፈው ስለ ሰው አገር ዳኞች ነው። ዓመቶቻቸውንም ከዚህ በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፍርዶቹን ኢንተርኔት ባገኘሁ ቀን አውርጄ ፍላሽ ላይ ጫንኳቸው። የደቡብ አፍሪካ፣ የአሜሪካ ሁለት፣ የታይዋን፣ የቤርሙዳ፣ የህንድ። የህንዱን ሙሉውን ባሳትም በሬ መሸጥ ነበረብኝ፤ የመረጥኩትን ብቻ ወሰድኩ። ሁሉም ተደምሮ 290 ገጽ፣ በሦስት ጥራዝ። ለምን ስልክሽ ላይ አታነቢም ትሉኝ ይሆናል። እኔ እስኪሪብቶ ይዤ ካላሰመርኩ የማይገባኝ ሰው ነኝ።

ልጅቷ ፋይሉን ከፈተች። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ርእሱን አንብባ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ጋሼን ጠራችው። ባለቤቱን ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው። መጥቶ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየ።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ጣጣ አያመጣብንም?»

«ፍርድ ነው ጋሼ። ፍርድ ማንበብ ወንጀል የለበትም።»

አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ሽፋኑ ላይ እንኳ ርእሱ አይውጣ።»

ተስማማን። ሽፋኑ ላይ «የፍርዶች ስብስብ፣ ቅጽ 1» ተባለ። ይህን ወቀሳ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ብዙ ኮፒ ቤት ፍላሼን አውጥቶ ይመልስልኝ ነበር። እሱ ጠየቀ፣ ሰማ፣ ሠራ። ክብሬ ይሙት፣ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባዋል።

ማሽኑ መትፋት ጀመረ። አግዳሚው ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ አባት ተቀምጠዋል። ከማቻከል ነው የመጡት። ይግባኝ ሊሉ የፍርድ ግልባጭ ኮፒ እየጠበቁ ነበር። የኔ ወረቀት ቁልል ሲከመር አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የማን ክስ ነው?»

«የውጭ አገር ነው አባባ።»

«የመሬት?»

«የጋብቻ።»

«ፍቺ ነዋ።»

«አይደለም። እንዳይጋቡ የተከለከሉ ናቸው።» ትንሽ አመነታሁ። «ሁለት ሴቶች።»

አማተቡ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። እኔም ምነው ባልተናገርኩ አልኩ። አሥር ገጽ ያህል እስኪወጣ ዝም ተባለ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዙረው፣

«ታዲያ ዳኛው ምን አለ?» አሉኝ።

ጎጃሜ ነዋ! ሙግት ተጀምሮ ፍርዱን ሳይሰማ አይሄድም። የኒው ዮርኳን ኤዲት ዊንዘርን ነገርኳቸው። ከቲያ ስፓየር ጋር ካናዳ ሄደው በ2007 ተጋቡ። ስፓየር በ2009 ሞተች፤ ንብረቷን ለዊንዘር ተናዘዘች። ባልና ሚስት ቢሆኑ ኖሮ የውርስ ግብር አይነካቸውም ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ግን «ይህን ጋብቻ አላውቀውም» ብሎ 363,053 ዶላር አስከፈላት። ከሰሰች። በጁን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 ፈረደላት፤ ገንዘቧም እንዲመለስላት ሆነ።

«እህ፣ የውርስ ነው በይኛ!» አሉ፤ አሁን ነገሩ የሚያውቁት ሰፈር ገባ። «መንግሥት እዚያም ሙት ይገፍፋል?» ትንሽ ቆዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ነገሩስ ለኛ የሚነገርም አይደለም። ግን አባቶቻችን በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ብለዋል።» ኮፒያቸውን ተቀብለው፣ ቆጥረው፣ ከጋቢያቸው ሥር ከተው ሄዱ።

ቆጥረው ሄዱ። እኔ አልቆጠርኩም። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ጥሩውን ልጨርስ። ጥራዙ አንደኛ ነው። ስፓይራሉ አይላቀቅም፣ የጀርባው ካርቶን ወፍራም ነው፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ለጥራዝ በአንዱ 100 ብር ከፈልኩ። ከፕሪንቱ ጋር 2,040 ብር። በዚህ ጊዜ ይህ ዋጋ ውድ አይባልም። ልጅቷ በየፍርዱ መሃል ባለ ቀለም ወረቀት አስገብታልኛለች፤ ማንም ሳይነግራት።

ማታ ቤቴ ቡናዬን ጠጥቼ ቅጽ 1ን ከፈትኩ። የደቡብ አፍሪካው የፎሪ ጉዳይ ነው። ማሪዬ ፎሪ እና ሴሲሊያ ቦንታይስ ከአሥር ዓመት በላይ አብረው የኖሩ ናቸው። «እንጋባ» አሉ፤ ሕጉ አልፈቀደም። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1 ዲሴምበር 2005 ውሳኔውን ሰጠ። የጻፉት ዳኛ አልቢ ሳክስ ናቸው። በ1988 ማፑቶ ላይ በአፓርታይድ ሰዎች ቦምብ ቀኝ ክንዳቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው። አነባበቡ ይጥማል። እያሰመርኩ፣ እያሰመርኩ፣ «እንግዲህ ትእዛዙ» ብዬ ገጹን ስገልጥ፣ ቢጫ ወረቀት። ቀጥሎ የታይዋን ፍርድ ጀመረ።

ዘጠኝ ገጽ ጎድሏል። የጎደለው ደግሞ መጨረሻው ነው።

ጠበቃ ያልሆናችሁ ይህ ምን እንደሆነ ላይገባችሁ ይችላል። የፍርድ ሆድ ትንታኔው ነው፤ እጁ ግን መጨረሻው ላይ ያለው ትእዛዝ ነው። ደንበኞቼ አርባ ገጽ ፍርድ ይዘውልኝ ሲመጡ ከኋላ ነው የምጀምረው። «ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ያድርግ?» የሚለው እዚያ ነው ያለው። መብትሽ ነው ተብሎ ቀን ያልተቆረጠለት ሰው፣ ቀለብ ተወስኖላት ለአፈጻጸም ሁለት ዓመት የምትመላለስ እናት ማለት ነው። ስንቷን አውቃለሁ።

አልተኛሁም። ስልኬ ላይ ከፍቼ በደቃቅ ፊደል አነበብኩት። እንዲህ ይላል። ፓርላማው ሕጉን የሚያስተካክልበት 12 ወር ተሰጥቶታል። ካላስተካከለስ? ይህን ነው የወደድኩት። እስከ 1 ዲሴምበር 2006 ካላስተካከለ፣ በጋብቻ ሕጉ ቃለ መሐላ ውስጥ «ወይም ባል» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም የትዳር ጓደኛ» የሚል እንደተጨመረበት ተቆጥሮ ይነበባል። በራሱ። ማንም ሰው ሌላ ክስ ሳይከፍት። አንዲት ሐረግ ናት፤ ፓርላማው ቢተኛም እሷ ትነቃለች።

አንዲት ዳኛ ብቻ በትእዛዙ ተለይተዋል፤ ኬት ኦሬጋን። መብታቸው ተጥሷል ካልን ለምን ዓመት ይጠብቃሉ፣ ዛሬውኑ ይሁንላቸው ነው ሐሳባቸው። እውነት ለመናገር የኔም ልብ ከሳቸው ጋር ነው። የሳክስ ብልሃት ግን ገባኝ። ቀጠሮ ሲሰጡ የቀጠሮውን መፍረሻ አብረው ሰጡ።

ከዚያ ሌሎቹን በዚህ ዓይን ገለበጥኳቸው። ታይዋን በ24 ሜይ 2017 ፍርድ ቤቱ ሁለት ዓመት ሰጠ፤ ካለፈ ጥንዶቹ በቀጥታ ሄደው ይመዝገቡ አለ። አቤቱታ ካቀረቡት አንዱ ቺ ቺያዌይ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁት በ1986 ነው። መሃል ላይ፣ በ2018፣ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አብዛኛው መራጭ ተቃወመ። ያም ሆኖ ቀኑ አልተነቃነቀም፤ በ24 ሜይ 2019 ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ቀኑን ሳይዛነፍ!

ህንድ በኦክቶበር 2023 ሌላ መንገድ ሄደች። አምስቱም ዳኞች «ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የመጋባት መሠረታዊ መብት የለም፤ ይህ የፓርላማ ነው» አሉ። እዚያ ቀን አልፈለግሁም። የብሪታንያ ግዛት የሆነችው ቤርሙዳ ደግሞ አሳዛኝ ናት። ፍርድ ቤት በ2017 ፈቀደ፣ በ2018 ሥራ ላይ የዋለ የፓርላማ ሕግ ነሣ፣ የአገሩ ፍርድ ቤቶች መልሰው ሰጡ፣ በመጨረሻ በ2022 ለንደን ያለው የይግባኝ ሸንጎ ፓርላማው ልክ ነው አለ። ደንበኛዬ ቢሆኑ ምን ብዬ እነግራቸው ነበር?

አሜሪካም ሁልጊዜ እንደ ዊንዘር አልነበረችም። በ1972 ከሚኔሶታ የሄደውን የሁለት ወንዶች አቤቱታ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሰው። በጁን 2015 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በኦበርገፌል ጉዳይ 5 ለ 4 ተቃራኒውን ፈረደ። 43 ዓመት። የዚያ ፍርድ ታሪክ ሆዴን አባባው። ጂም ኦበርገፌልና ጆን አርተር የኦሃዮ ሰዎች ናቸው። አርተር ሰውነት በሚያሽመደምድ በሽታ አልጋ ላይ ነበር። ኦሃዮ ስለማያጋባቸው በሕክምና አውሮፕላን ሜሪላንድ ድረስ በረሩ። ከአውሮፕላኑ አልወረዱም። መንደርደሪያው ላይ ቆሞ፣ እዚያው ውስጥ፣ የአርተር አክስት አጋቧቸው። አርተር ከሦስት ወር በኋላ ሞተ። ክሱ ስለ ሠርግ አልነበረም። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «የትዳር ጓደኛ» በሚለው ቦታ የጂም ስም ይጻፍ ነበር ጥያቄው። የማቻከሉ አባት ቢሰሙ «ይሄም የወረቀት ነው በይኛ!» ይሉ ነበር። ነው።

የፍርድ ቤቱ አለቃ ዳኛ ጆን ሮበርትስ በልዩነት ሐሳባቸው «ይህን መወሰን የሕዝብ እንጂ የዳኞች አይደለም» ይላሉ። ይህን ክርክር ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው እንደሚያነሣብኝ አውቃለሁ፤ ባዶ ክርክርም አይደለም። ሆኖም ኦበርገፌል ሄዶ ያንኳኳው በር ሌላ የትኛው ነበር?

ወደ ኮፒ ቤቱ ልመለስ። በማግሥቱ፣ ማክሰኞ፣ የጎደለውን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ በጣም አፈረ። ያን ዕለት መሃል ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ነበር፤ ማሽኑ ሲነሣ ከሚቀጥለው ፋይል ጀምሯል። ዘጠኝ ገጽ ነው፣ አሁኑኑ ይሠራልኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ቶነር አልቋል። «ነገ ነይ እትዬ።»

ረቡዕ ቶነሩ ከባሕር ዳር እየመጣ ነው። «ነገ።» ሐሙስ ቶነሩ መጥቷል፣ መብራት የለም። ዓርብ መብራት አለ፣ ልጅቷ ለቅሶ ሄዳለች፤ ያለሷ ደግሞ ፕሪንተሩን የሚደፍር የለም። ቅዳሜ ዝግ። ሰኞ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ፍላሹን ደግሞ ቤት ረስቼዋለሁ። ይህቺ የኔ ናት፤ እቀበላለሁ። ማክሰኞ በስምንተኛው ቀን ደረሰልኝ። ጥራዙ መፈታት ስለነበረበት ስፓይራሉን ፈትቶ፣ ገጾቹን አስገብቶ፣ እንደገና ሰፋው። ለዚህ ገንዘብ አልጠየቀም። ቡናም ጋበዘኝ።

አያችሁ፣ ሰውየው ዋሾ አይደለም። «ነገ» ሲል ነገ እንደሚሠራው አምኖ ነው። ችግሩ የሱ «ነገ» ካለፈ ምንም አይፈጠርም። እኔ እመለሳለሁ፣ እሱ ያፍራል፣ እንሳሳቃለን።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፌን ጨርሼ ልጠርዝ ሄድኩ። 46 ገጽ፣ በአምስት ኮፒ። ማስረከቢያዬ ዓርብ ጠዋት ነው። ጋሼ «ሐሙስ አሥር ሰዓት ውሰጂ» አለኝ።

«ካልደረሰስ?»

«ይደርሳል አልኩሽ።»

«ይድረስ። ካልደረሰስ?»

ግራ ገባው። ደረሰኙን ገልብጬ ጻፍኩ፦ «እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት ካልደረሰ፣ የአምስቱ ጥራዝ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ደንበኛዋ ሌላ ጥያቄ ማቅረብ አይጠበቅባትም።» አነበበው። ሳቀ። ልጅቷም አነበበችው፤ እሷ አልሳቀችም። «ፈርምላት ጋሼ» አለችው። ፈረመ፣ ማኅተሙንም መታበት።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ኮፒና ፕሪንት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስጡ። ገጽ ግን እዚያው ቁሙና ቁጠሩ፤ በተለይ የመጨረሻውን። ከሠላሳ ገጽ በላይ ከሆነ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሂዱ፣ ችሎት ከጀመረ በኋላ ሰልፉ በሩን ያልፋል። ችኩል ሥራ ካላችሁ በቃል አትመኑ፣ አጽፉት። ለጥራት አምስት ከአምስት ሰጥቻለሁ፣ ለዋጋ አራት፣ ለቀጠሮ አንድ፤ እሷንም ለቡናው።

የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ30 ኖቬምበር 2006 ነው። ሊያልቅበት አንድ ቀን ሲቀረው። ጋሼም የደወለልኝ ረቡዕ ማታ፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። አምስቱም ተጠርዘው፣ በቁጥር ተደርድረው ጠበቁኝ። ቁጭ ብዬ 46ቱንም ገጽ በአምስት ቆጠርኩ። አልጎደለም። የመጨረሻው ገጽ ቀለሙ ትንሽ ፈዟል፤ ይነበባል።

«ደረሰኙስ?» አለኝ።

ሰጠሁት። ገልብጦ አንዴ አነበበውና ለአራት ቀደደው።